ስም የሚጠብቁ ግድግዳዎች

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

ስለ በርጩማዬ ልማረር ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም። ከጥድ የተሠራች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬባት የሱቅ ታቤላ ስጽፍ አንድ ቀን እንኳ ሲጥ ብላ አታውቅም። በዚህ ሳምንት ግን የከተማው ሰው በሙሉ እየመጣ ተቀመጠባትና አንዱ እግሯ ወለቀ። ፀጉር አስተካካዩ ቲቡርሲዮ ተቀመጠባት። ፋርማሲስቱ ተቀመጠባት። የደብሩ ደወል ደዋይ፣ ያ እንደ በርሜል የወፈረው፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠባት። አንዳቸውም ታቤላ ሊያስጽፉ አልመጡም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦

«ዶን ሲሪሎ፣ የማንን ስም ጻፍ አሉዎት?»

ጥፋቱ የከተማው የፓርቲ ኮሚቴ ነው። ባለፈው ሳምንት በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ያሉትን አርባ ግድግዳዎች ነጭ ኖራ ቀብቼ እንድጠብቅ አዘዘኝ። ስሙ ከሜክሲኮ ከተማ ሲመጣ በአረንጓዴና በቀይ እጽፈዋለሁ። ፓርቲያችን በስድስት ዓመት አንዴ ለፕሬዚዳንትነት አንድ ሰው ያቀርባል። ያን ሰው የሚመርጠው ወንበሩ ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ብቻውን ነው፤ የተመረጠውም ተሸንፎ አያውቅም። እስኪነገር ድረስ «የተሸፈነው» እንለዋለን። እኛ ታች ያለነው ሽፋኑ ስር ያለው የማን አፍንጫ እንደሆነ ስንገምት እንከርማለን። ነጭ ግድግዳ ያየ ሁሉ ስሙ ኪሴ ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ለቲቡርሲዮ «ስሙ አጭር ነው» አልኩት። ለፋርማሲስቱ «ስሙ ረጅም ነው» አልኩት። ማታ ሁለቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም አሉ።

በርጩማዋን በሚስማር መታኋት። ለጊዜው ቆማለች።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 5

ናቦር መጣ። የሟች እህቴ ልጅ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆኗል፤ ቀጣዩ ከንቲባ እሱ ነው የሚሉም አሉ። መሬት የለው፣ ሌላ ሙያ የለው፤ እሱና ሚስቱ የሚተዳደሩት በዚያች ጸሐፊነት ነው። ጋዜጣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና ዕጩዎቹን ይመዝን ጀመር። ቲቡርሲዮም ምላጩን በእጁ እንደያዘ ከጎረቤት መጥቶ ገባበት።

«ሦስት ናቸው፤» አለ ናቦር። «የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ኦልሜዶ፣ የገንዘቡ ባራሃስ፣ የውሃው ሬንቴሪያ።»

«ባራሃስን ተወው፤» አለ ቲቡርሲዮ። «ባለፈው ወር ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ አሞገሰው። የተሞገሰ አለቀለት።»

«ኦልሜዶስ?»

«ኦልሜዶ ሲስቅ ታይቶ አያውቅም።»

«ይሄ ያስመርጠዋል ወይስ ያስጥለዋል?»

«እሱን ነው እኔም የማላውቀው።»

ናቦር ጣቱን ፎቶው ላይ አሳረፈ። «ሬንቴሪያን እዩት። ከፕሬዚዳንቱ በስተ ቀኝ፣ ሁለተኛ። በጁላይ ፎቶ ላይ ግን አራተኛው ነበር።»

«መሃል የነበሩት ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል፤» አልኩት።

ቲቡርሲዮ ምላጩ እስኪወድቅ ሳቀ። ናቦር አልሳቀም። ይህን ሰው ይወደዋል። ከአራት ዓመት በፊት ሚኒስትሩ ወደ ገጠሩ መጥቶ ከነጫማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር። ገበሬዎቹን በስማቸው እየጠራ ጠየቃቸው፤ ውሃውም መጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ናቦር «ኢንጂነሩ» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰው በጸሎት ቤት እንደሚያደርገው።

«አጎቴ፣ ቀልዱን ይተዉት። አስቀድሞ አብሮት የቆመ ሰው ይታወሳል። ኋላ የሚሮጥማ ሞልቷል።»

«አስቀድሞ የበቀለ አስቀድሞ ይታጨዳል፤» አልኩት።

ይህን ማለቴን እዚህ አሰፍራለሁ። ብያለሁ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ዛሬ የሠራሁትን ተንኮል ካልጻፍኩት ያፈነዳኛል።

ትልቅ ካርቶን ወሰድኩና «ሬንቴሪያ» የሚለውን ስም በወፍራም ፊደል ቆረጥኩበት፤ ኮሚቴው ትእዛዝ ሲልክልኝ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ቀለም ለመርጨት እንደማዘጋጀው አድርጌ። የተሞከረ እንዲመስል ጠርዙን አረንጓዴና ቀይ ለቀለቅኩት። ከዚያ ከኖራው ጆንያ ጀርባ ወሸቅኩት፤ ጫፉ ብቻ ብቅ እንዲል። ናቦርን «መሰላል አሸክመኝ» ብዬ አስጠራሁት።

ናቦር ፊደል የቆጠረው ከእኔ መሰላል ስር ቆሞ ነው። የዳቦ ቤቱን ታቤላ፣ የሬሳ ሳጥን ሠሪውን ታቤላ አንድ በአንድ አስነብቤዋለሁ። እኔን ያስተማረኝ የለም፤ የቢራ ማስታወቂያ እየገለበጥኩ ነው የተማርኩት። እሱ ግን እስከ ዛሬ በእኔ እጅ የተጻፈ ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል ብሎ አያስብም። ቀልዱን ያጣፈጠው ይሄ ነው።

መጣ። መሰላሉን አነሳ። አየው። ፊቱ ኖራ መሰለ። መሰላሉን መልሶ አስቀመጠና ውሃ ጠጣ። ከዚያ ስለ ወገብ ሕመሜ ጠየቀኝ! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጉንጬን በጥርሴ ነክሼ ይዤ «ወገቤማ ደህና ነው፤ ምስጢር የከበደው ትከሻዬ ነው» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ሄደ።

ነገ እነግረዋለሁ። ፊቱን ማየት ነው የምፈልገው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

አልመጣም። ቤቱ ሄድኩ፤ ሚስቱ ሶሌዳድ «ገጠር ወርዷል፣ ስብሰባ አለው» አለችኝ። በቆሎ ቂጣ በባቄላ አበላችኝ። ስለ ምን ስብሰባ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ቲቡርሲዮ በሩን ዘግቶ ጆሮዬ ስር ተጠጋ። «ዶን ሲሪሎ፣ ከዋና ከተማው ከታመነ ሰው የሰማሁት ነው። የቀለም ትእዛዝ ወጥቷል። ሬንቴሪያ ነው።»

«ማነው የታመነው ሰው?»

«እሱን አልናገርም።»

እኔው ያወጣሁት ወሬ ኮፍያ አድርጎ፣ ክራባት አስሮ፣ ከሜክሲኮ ከተማ መጣሁ ብሎ በሬ ላይ ቆመ። ብቻዬን ሳቅኩ። በኋላ ደግሞ ሳስበው፣ እንዴት በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ ሊነሳ ቻለ? ሳላውቅ እውነቱን ገጥሜው እንደሆነስ? ሰውየው በሁለት ወር ውስጥ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ መጥቷል። ናቦር ጅል አይደለም።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ማሰቤን አልክድም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13

ናቦር ነጭ አቡጀዲ ተሸክሞ መጣ፤ ስድስት ሜትር። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና እጁን ኪሱ ከተተ።

«ለማክሰኞው የነፃነት በዓል ሰልፍ ነው፤» አለ። «"ገበሬው ከኢንጂነር ሬንቴሪያ ጋር ነው" ብለው ይጻፉልኝ።»

«ናቦር፣ አንድ ነገር ልንገርህ…»

«አይንገሩኝ!» አለና ሁለት እጁን አነሳ። «ምንም አልጠየቅኩዎትም፤ ምንም አልነገሩኝም። ነገ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ በእውነት መማል እፈልጋለሁ። እርስዎን ጉዳይ ውስጥ አላስገባም።»

«የካርቶኑ ነገር…»

«የምን ካርቶን? እኔ ካርቶን አላየሁም።» ጠቀሰኝ። ይህ ልጅ በሕይወቱ ሰው ጠቅሶ አያውቅም፤ ሁለቱን ዓይኖቹን ነው የጨፈነው።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ፊደሉ ቀይ ይሁን አረንጓዴ?» የሚል ነበር።

ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩት። እንዲያውም ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያማረ ጽፌ አላውቅም። ሲደርቅ እነግረዋለሁ አልኩ። ሲደርቅ ሁለት ገበሬዎች መጥተው ወሰዱት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

በሁለት የጭነት መኪና ሙሉ ገበሬ። ጨርቁ ከመሃል። የማርሽ ባንዱ ሲያልፍ ናቦር «ይኑር ኢንጂነር ሬንቴሪያ!» አለ፤ ሌላው ሁሉ አስተጋባ። ሰው አጨበጨበ፤ ቲቡርሲዮ ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ከንቲባው የጫማ ክሩን ለማሰር ጎንበስ እንዳለ ሰልፉ አለፈ። ክር የሌለው ጫማ ነበር ያደረገው።

ከሰልፉ በኋላ ናቦር ቴሌግራም ላከ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፊርማ፤ ግማሹ የጣት አሻራ ነው። አድራሻው በቀጥታ ለሚኒስትሩ።

«አጎቴ፣ በመላው ግዛት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን፤» አለኝ። ደስ ብሎታል።

ቀኑ ጥሩ ነበር፤ ሙዚቃ ነበር። አንድ ብርጭቆ ፑልኬ ጠጥቼ ቶሎ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ለቴሌግራሙ መልስ የለም። ናቦር ምልክት ነው ይላል፤ ዝም ያለ ሰው ተመርጧል ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። እውነት እኮ ሊሆን ይችላል።

ለእሱ አላልኩም እንጂ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ለሬንቴሪያ ሻማ አበራሁ። ለፖለቲከኛ ሻማ ሳበራ የመጀመሪያዬ ነው። ቅዱሱ ራሱ ግራ የተጋባ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

የቲቡርሲዮ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ግማሽ ፊቴ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ሬዲዮው ዘፈኑን አቋረጠ። የፓርቲው የሠራተኛ፣ የገበሬና የሕዝብ ክንፎች በአንድ ድምፅ ዕጩ አድርገው የተቀበሉት…

ኦልሜዶ።

ቲቡርሲዮ ምላጩን በአየር ላይ እንደያዘ ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ «እኔ ከመጀመሪያው ብያለሁ» አለ።

«ምን ብለሃል?»

«የማይስቅ ሰው ቁም ነገረኛ ነው ብያለሁ።»

ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ትቶኝ ወጣ፤ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሮጠ። ወደ በሩ ወጥቼ ሳይ ሁሉም ይሮጣል። ፋርማሲስቱ ይሮጣል። ከንቲባው፣ ያ ክር የሌለው ጫማ፣ ከሁሉ ፊት ነው። አራት ሰዓት ላይ የሬንቴሪያ የነበረ ከተማ አምስት ሰዓት ላይ ተወልዶ ያደገ የኦልሜዶ ሆነ። ሲያጨበጭቡ በዓይኔ ያየኋቸው ሰዎች «ያ የናቦር እብደት» ሲሉ ሰማኋቸው።

ናቦር በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ነበር። ጨርቁን አውርዶ እንደ አልጋ ልብስ ያጥፈዋል፤ ጠርዝ በጠርዝ፣ አራት እጥፍ። ማዶ ቆሜ ነበር። አልተሻገርኩም፤ ግማሽ ፊቴ አረፋ ነበራ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

አሥራ አንድ ግድግዳ። ኦልሜዶ፣ ኦልሜዶ፣ ኦልሜዶ። ወገቤ። ካርቶኑን አቃጠልኩት። አመዱን ቦይ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚህ ውጭ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ከፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤት ልዑክ መጣ። ኡሩቲያ ይባላል። በከንቲባው ክፍል ተቀምጦ ሰዎችን አንድ በአንድ ያስጠራል። ድምፁን ከፍ አያደርግም አሉ። ናቦር ከጧት እስከ ቀትር እዚያ ነበር። ሲወጣ አየሁት፤ አቀርቅሮ አይደለም የሚሄደው፤ ቀጥ ብሎ ነው። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

እኔን አላስጠራኝም።

እውነቱን ለመናገር ጨርቁን ያመጣው እሱ ነው። ፊርማ የሰበሰበው እሱ ነው። አንድ ካርቶን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አያስፈርምም። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሕፃን አይደለም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ሶሌዳድ መጣች። በርጩማዬ ላይ ሳይሆን የኖራው ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ነጭ ሆነ፤ አላየችውም።

«አጎቴ፣ እርስዎን ብቻ ነው የሚሰማው። ይምከሩልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ልዑኩ "ስህተት ይሠራል፣ ይቅር እንላለን" ብሎታል። "ሬንቴሪያ ነው ብሎ የነገረህን ሰው ስም ብቻ ስጠኝ፣ ወደ ሥራህ ተመለስ" ብሎታል። አንድ ስም! እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥቶት ነበር፤ ቅዳሜ ሄደና "አልሰጥም" ብሎት ተመለሰ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? "ሰውየው ከላይ በምስጢር ትእዛዝ የደረሰው ሰው ነው፤ ስሙን ብሰጥ ያጠፉታል" ይለኛል። "ማነው?" ስለው "እንደ አባቴ የማምነው ሰው" ይለኛል።» አለቀሰች። «ያ ሰው ግን የት ነው ያለው? ባሌ ሲወድቅ እያየ ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እግዜር ይይለት!»

«አሜን፤» አልኩ።

አፌ ነው ያለው። የለመደ አፍ።

እመክረዋለሁ ብዬ ሸኘኋት። ኖራውን ከቀሚሷ አራገፍኩላት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

አልሄድኩም። ስድስት ግድግዳ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

አልሄድኩም። ዘነበ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ናቦር ራሱ መጣ። ከስቷል። የማኅበሩን ማኅተምና ቁልፍ ዛሬ አስረክቧል። ጢሙን አልተላጨም፤ ቲቡርሲዮ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» ብሎታል፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነበር።

«ወገብዎስ?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

ወደ ጆንያዎቹ ጀርባ ተመለከተ። «አቃጠሉት?»

«ምኑን?»

«አጎቴ።»

«አዎ፤ አቃጥዬዋለሁ።»

«ጥሩ።» ከጎኔ ተቀመጠ። «ከላይ አታለሉዎት አይደል? እርስዎን በማያገባዎት ነገር ተጫወቱብዎት። የሚያናድደኝ እሱ ነው። በሽማግሌ ይቀለዳል?»

እጄ ላይ ብሩሽ ነበር። የብሩሹን ፀጉር አንድ በአንድ እነጭ ጀመር። አሁን በል፣ አሁን በል፣ አልኩ ለራሴ። ስንት ነገር አውርቼ የማውቅ ሰው ነኝ! በቀብር ላይ ሰው አሥቄ አውቃለሁ። ይህ ልጅ እናቱ የሞተች ቀን እንኳ አሥቄዋለሁ፤ ብርቱካን አፌ ውስጥ ከትቼ።

«ስሙን ስጣቸው፤» አልኩት በመጨረሻ። «የማንንም ስም ስጣቸው።»

«እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?» አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሄደ። እንዳፀናናኝ ነው የሄደው። እሱ እኔን!

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ሄድኩ። የእሑድ ሸሚዜን ለብሼ ወደ ልዑኩ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ደጅ ጠናሁ።

ኡሩቲያ ብርቱካን ይልጣል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ላይ እንዲወርድ ይጠነቀቃል። ቆሜ ተናገርኩ።

«ነገሩን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን የቆረጥኩት ለቀልድ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ እኔን አምኖ ነው።»

ልጣጩን ጨርሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀና አለ። አልተቆጣም።

«ዶን ሲሪሎ፣ ይቀመጡ እንጂ። ይህን ካርቶን እኮ ከአውቶቡስ በወረድኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው የሰማሁት። ሻንጣዬን የተሸከመልኝ ሰውዬ ነገረኝ። ሱቅዎ ውስጥ ያላየው ሰው አለ?»

«ታዲያ… ታዲያ ልጁን ስም አምጣ የሚሉት ለምንድን ነው?»

«ያመጣ እንደሆነ ለማየት።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«አላመጣም፤» አለ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። የማውቀውን ስም፣ ምንም የማይጎዳ የአንድ ታቤላ ጻፊ ስም፣ አልሰጠኝም። የቸኮለ ሰው ምሕረት ያገኛል፤ ደግሞ ማን ያልቸኮለ አለ? እዚህ ግዛት ውስጥ ብቻ ለሬንቴሪያ የተላኩ ሠላሳ ቴሌግራሞች አሉኝ። ላኪዎቹ ይቅርታ ጠይቀው፣ የነገራቸውን ሰው ተናግረው፣ ዛሬ በየሥራቸው ላይ ናቸው። ስም የማይሰጥ ሰው ግን ለእኛ ምን ያደርግልናል? ነገ ሌላ ነገር ስንጠይቀውም እንዲሁ ዝም ይላል።»

«አሁን እኔ ተናገርኩ እኮ! ስሙ ይኸው!»

«እርስዎ ተናገሩ፤ እሱ አልተናገረም።» ከብርቱካኑ ግማሹን ዘረጋልኝ። «ደግሞ ቦታው ተይዟል። የቲቡርሲዮ አማች ዛሬ ጧት ጀምሯል።»

«እኔንስ ምን ታደርጉኛላችሁ?» አልኩ። ምን ያህል ቅጣት እንደፈለግኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሳቀ፤ ከልቡ። «እርስዎንማ ብንነካ ማን ይጽፍልናል? እጅዎ እኮ ወርቅ ነው። በነገራችን ላይ አውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ እስካሁን ነጭ ነው። እስከ ሐሙስ ይድረስልኝ።»

«እሺ፤» አልኩ።

እሺ አልኩ። ብርቱካኑንም ተቀበልኩ። እስከ ቤቴ በእጄ ይዤው መጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

እየደጋገመ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። በቀልዴ አልወደቀም። ቀልዴንማ ይቅር ብለውት ነበር። የወደቀው እኔን ስላልሰጠ ነው። በዚያ ሁሉ ቀን፣ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ትናንት፣ «ናቦር፣ ቀልድ ነው፣ ስሜን ስጥ» ብዬው ቢሆን በአንድ ቃል ይድን ነበር። መንገዱ ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ። መሰላል ላይ ነበርኩ፤ «ኦልሜ» ድረስ ደርሻለሁ። የጧቱ የሰሜን አውቶቡስ ሞተሩን አስነሳ። ዞር ስል ናቦር በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ሻንጣ። እንደሚሄድ አልነገረኝም ነበር።

እጁን አነሳ። እኔም ብሩሽ የያዘውን እጄን አነሳሁ፤ ቀዩ ቀለም በእጅጌዬ ውስጥ እስከ ብብቴ ወረደ። መውረድ ነበረብኝ። ከመሰላሉ ዘልዬ አውቶቡሱን በጥፊ እየመታሁ ማስቆም ነበረብኝ። ሽማግሌም ቢሆን አንድ መሰላል መውረድ አያቅተውም። አውቶቡሱ ዞረ፤ አቧራው ቀለሙ ላይ ተለጠፈ።

ተመልሼ «ዶ»ን ጻፍኩ።

ቀትር ላይ ሶሌዳድ አለፈች፤ እናቷ ቤት እየሄደች ነው። የሰሜኑን ድንበር ተሻግሮ ሥራ ሲያገኝ ይጠራኛል አለች። «ስሙን ሳይናገር ሄደ» አለችኝ። «ያ ሰው ደስ ይበለው።»

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው፤ መንገዱ ባዶ ነው። እኔ አልሄድኩም። ከጧት ጀምሮ ለናቦር ደብዳቤ ለመጻፍ እየሞከርኩ ነው፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አድራሻውን አላውቀውም፤ ግን መጀመሪያ ይጻፍ፣ አድራሻው ይደርሳል።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቀልድ ጨመርኩበት፤ ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ የልዑኩን ጥፋት አበዛሁት፤ ቀደድኩት። ሦስተኛው «ናቦር ልጄ፣ ካርቶኑ ውሸት ነበር» የሚል ብቻ ነበር። ትክክለኛው እሱ ነበር። ግን ሳየው ፊደሉ ያው የእኔ ፊደል ነው፤ እሱ ከመሰላል ስር ሆኖ የቆጠረው፣ ያመነው። በዚያው እጅ «ይህ እጅ ዋሽቶሃል» ተብሎ ይጻፋል? የቱን ይመን? በአፍ መነገር ነበረበት። በአፍ ለመንገር ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ነበረኝ።

እሱ አሁን የት ደርሷል? ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ድንበሩ ጋ ደርሶ ይሆናል። እዚያ ከተያዘ…

በሩ ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማን ነው? ኮሚቴው ከሆነ ዛሬ አልጽፍም፤ ሰንበት ነው እላቸዋለሁ።

ደግሞ ተንኳኳ። በስንጥቁ አየሁ። ናቦር ነው። እስከ ቅንድቡ አቧራ ሆኗል፤ ሻንጣው በእጁ ነው። ግራና ቀኙን ያያል።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ፤ ይክፈቱ። ግማሽ መንገድ ደርሼ ነው የተመለስኩት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ስጠፋባቸው ዞረው ወደ እርስዎ ነው የሚመጡት። ልብስዎን ይያዙ፤ የማታው አውቶቡስ ላይ ሁለት ቦታ ይዣለሁ። እርስዎን ለእነዚህ ሰዎች ትቼ የትም አልሄድም።»

ይህን የጻፍኩት እሱ እየጠበቀ ነው። ሳልከፍት በበሩ ሳንቃ በኩል ብነግረው ይቀለኛል። ግን ፊቴን እያየ መስማት አለበት። ልከፍትለት ተነሳሁ።